ፎንቱን ይዘህ ና

ሊነክስ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው መልዕክት አለ። አጭር ነው፦ የአንድ ላይብረሪ ስም፣ አንድ የቨርዥን ቁጥር፣ ከዚያ «አልተገኘም»። በቃ። ፕሮግራሙ አይነሳም፤ የሚያስረዳ ሌላ መስመርም የለም። ብዙውን ጊዜ የላይብረሪው ስም ጂሊብሲ ነው፤ ቁጥሩ 2.28 ወይም 2.34 ይሆናል። መፍትሔ ፍለጋ ስትወጡ ደግሞ የምታገኙት መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ሲስተምህ አርጅቷል፣ አፕግሬድ አድርገው።»

ምክሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። እኔም ለሰው ሰጥቼው አውቃለሁ። ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ፣ ታካሚ ከጀርባው የተሰለፈበት ሰርቨር ፊት ቁጭ ካልኩ በኋላ፣ ምክሩ ውስጥ የጎደሉ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ ገባኝ። ያ ማሽን እስካሁን ያልተቀየረው ለምንድን ነው? ያንን ቁጥር ፕሮግራሙ ላይ የጻፈውስ ማን ነው? ሁላችንም ማሽኑን እንወቅሳለን፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከምናውቀው ነገር ልጀምር። የአማርኛ ጽሑፍ በፍላሽ ይዛችሁ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ማመልከቻ ነው እንበል። ልጅቷ ፋይሉን ትከፍተዋለች። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። «ፎንቱ እኛ ጋ የለም፤ ፎንቱን ይዘህ ና» ትላችኋለች። ፋይሉ አልተበላሸም። ኮምፒውተሩም ደህና ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የፊደሎቹ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቅርጻቸው ያለው ፎንቱ ውስጥ ነው፤ ፎንቱ ደግሞ ቤት ቀርቷል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው «የሌላውም ኮምፒውተር እንደኔው ነው» ብሎ ገምቶ ነበር፤ የከሸፈው ያ ግምት ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ፣ አሮጌ ማሽን ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ስናይ ኖረናል።

የሊነክስ ፕሮግራምም እንደዚያ ፋይል ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ ተሸክሞ አይዞርም። ፋይል መክፈት፣ ሚሞሪ መጠየቅ፣ ሰዓት ማወቅ፣ ጽሑፍ ማውጣት የመሳሰሉት የዕለት ተዕለት ሥራዎች የተቀመጡት በአንድ የጋራ ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከዚያ ይዋሳቸዋል። አብዛኞቹ የሊነክስ ዓይነቶች ላይ ያ የጋራ ላይብረሪ ጂሊብሲ ይባላል። ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ፣ ፋይል የሚገለብጠው ሲፒ፣ ፓይተን፣ ዳታቤዙ፣ ሁሉም እሱን ተደግፈው ነው የቆሙት። የቤቱ ምሰሶ ነው ብትሉት አታጋንኑም።

ጂሊብሲ በዓመት ሁለቴ፣ በፌብሩዋሪና በኦገስት አካባቢ፣ አዲስ ቨርዥን ያወጣል። አንድ የሊነክስ ሲስተም ግን አንዱን ቁጥር ይዞ ይወጣና ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይቆያል። ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ የያዘው 2.17 ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቀኑም 2.17 ነበር። ጥገና ይገባለታል፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ኡቡንቱ 18.04 የያዘው 2.27 ነው፤ ኡቡንቱ 20.04 ደግሞ 2.31፤ ኡቡንቱ 22.04 2.35። ምሰሶውን በየስድስት ወሩ የሚቀይር ቤት ውስጥ ማንም ተረጋግቶ አይኖርምና ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ሕጉ ባጭሩ ይኼ ነው፦ አዲሱ ላይብረሪ አሮጌውን ፕሮግራም ያውቀዋል፤ አሮጌው ላይብረሪ አዲሱን ፕሮግራም አያውቀውም። በ2.17 ላይ የተሠራ ፕሮግራም 2.35 ላይ ይሮጣል። በ2.35 ላይ የተሠራው ግን 2.17 ላይ ሲነሳ ያንን አጭር መልዕክት ያሳያችኋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔን ካስገረሙኝ ታሪኮች አንዱ እዚህ ጋ አለ። ሜምሲፒዋይ የሚባል አንድ ተራ ፈንክሽን አለ፤ ሥራው ሚሞሪ ውስጥ ያለን ነገር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መገልበጥ ነው። መመሪያው «ሁለቱ ቦታዎች ከተደራረቡ ለሚፈጠረው ነገር ዋስትና የለኝም» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጂሊብሲ ሰዎች ሥራውን ለማፍጠን ብለው አንዳንድ ማሽኖች ላይ ከኋላ ወደ ፊት እንዲገለብጥ አደረጉት። መመሪያው ይፈቅዳል። ግን ፌዶራ 14 የጫኑ ሰዎች አዶቢ ፍላሽ ላይ ድምፅ ሲሰሙ ይንቋቋባቸው ጀመር። ፍላሽ የተደራረበ ቦታ ላይ ሜምሲፒዋይን ይጠቀም ነበር፤ ለዓመታት በዕድል ሠርቶለታል። አንዳንዶች «ጥፋቱ የፍላሽ ነው» አሉ። የሊነክስ ከርነል መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ክርክሩ ውስጥ ገባ፤ የሱ ሐሳብ ተጠቃሚው መመሪያ አያነብም፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ መሥራቱን ነው የሚያየው የሚል ነበር።

መፍትሔው በ2011 በወጣው 2.14 ውስጥ መጣ። ሜምሲፒዋይ ሁለት ሆነ። ድሮ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሲጠሩት አሮጌው፣ የማያስቸግራቸው፣ ይመጣላቸዋል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ደግሞ «የ2.14ቱን ሜምሲፒዋይ ነው የምፈልገው» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ይወጣሉ። ያ ማኅተም ነው ኋላ አሮጌ ማሽን ላይ «አልተገኘም» የሚያስብለው። አያችሁት? እኛን የሚያግደን ግድግዳ የተሠራው አሮጌ ፕሮግራሞችን ለመጠበቅ ነው። የቃል ኪዳኑ ሌላ ጎን ነው። ማኅተሙ የሚመታው ደግሞ ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ማሽን ላይ ሳይሆን በተሠራበት ማሽን ላይ፣ በተሠራበት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ በንባብ አውቀው ነበር። ሥጋ ለብሶ ያየሁት ግን ባለፈው መጋቢት፣ አንድ የክልል ከተማ ውስጥ ባለ የጤና ተቋም ነው።

ተቋሙ አንድ ሰርቨር አለው፤ ሴንትኦኤስ 7። የታካሚ ካርድና የላቦራቶሪ ውጤት እዚያ ላይ ነው። አዲስ የደም መመርመሪያ መሣሪያ ተገዝቶ ነበር፤ ከመሣሪያው ውጤቱን ተቀብሎ ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባ ፕሮግራምም አቅራቢው አብሮ ልኳል። ፕሮግራሙ ሲነሳ 2.28 ይፈልጋል። ሰርቨሩ ያለው 2.17 ነው። አቅራቢው ስልክ ሲደወልለት ያንኑ የምታውቁትን መልስ ሰጠ፦ «ሲስተሙን አፕግሬድ አድርጉት።» ሶርስ ኮዱን እንደማይሰጡም ጨመሩበት።

የሲስተሙ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። እንደደረስኩ ሻይ አዘዙልኝና ለምን እንደማይቻል በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። አንደኛ፣ አሮጌው የኬሚስትሪ መሣሪያ የሚነጋገረው በዚያው ሰርቨር ላይ ባለ ፕሮግራም ነው፤ እሱን የሠራው ድርጅት ዛሬ የለም። አዲስ ሲስተም ላይ ይነሳ አይነሳ ዋስ የሚሆን ሰው የለም። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ ሰርቨር የለም፤ ይኼ ከወደቀ የሚተካው የለም። ሦስተኛ፣ ላቦራቶሪው እሑድም አይዘጋም። አራተኛ፣ በጀት ከሐምሌ በፊት አይታሰብም።

«እና እስከ ሐምሌ ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ሂድና እያቸው» አሉኝ።

ላቦራቶሪው ውስጥ አንዲት ወጣት ቴክኖሎጂስት አዲሱ መሣሪያ ከሚያወጣው ትንሽ ወረቀት ላይ እያየች ቁጥሩን በእጇ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ሌላዋ ከመዝገቡ ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለች። ለአንድ ታካሚ ከደርዘን በላይ ቁጥር አለ። የነጭ የደም ሕዋስ፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕሌትሌት፣ ወዘተ። ነጥብ አለው፣ ዜሮ አለው። ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«ኢንጂነር፣ እዚህ ቁጥር ሲገለበጥ ሰው ነው የሚገለበጠው።»

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሄሞግሎቢኑ 7.1 የሆነ ሰውና 11.7 የሆነ ሰው ሐኪሙ ፊት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ደም ሊሰጠው ይችላል፤ ሌላው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማታ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጀመርን። መጀመሪያ ያደረግኩት ፕሮግራሙ በትክክል ምን እንደሚጠይቅ ማየት ነው። ኦብጅዳምፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ አንድ ፕሮግራም የሚዋሳቸውን ፈንክሽኖች ከነማኅተማቸው ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየነው። ሁሉም 2.17 እና ከዚያ በታች ናቸው። ከአንድ በቀር። ኤፍሲኤንቲኤል64 የምትባል፣ ፋይል ለመቆለፍና ለመሳሰለው የምታገለግል አንዲት ፈንክሽን 2.28 ትጠይቃለች።

የሚያስቀው ደግሞ ይኼ ነው፦ እንደዚያ ሰርቨር ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ኤፍሲኤንቲኤል64 እና 2.17 ውስጥ የነበረችው አሮጌዋ ኤፍሲኤንቲኤል የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። አዲሱ ላይብረሪ ውስጥ ሁለቱም ስሞች የሚያደርሱት አንድ ኮድ ጋ ነው። በ2018 ስሟ ተለየ፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ባለ ማሽን ላይ የተሠራ ፕሮግራም በአዲሱ ስም ሊጠራት ይችላል። አቅራቢው አንድ መስመር ኮድ ሳይቀይር አሮጌ ሲስተም ላይ መልሶ ኮምፓይል ቢያደርገው ኖሮ፣ ያቺ ልጅ እስክሪብቶ ባላነሳች ነበር።

ጋሼ ለጋሼነታቸው ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ዋናውን ላይብረሪ ልትነካው ነው?»

«አይ፣ አልነካውም።»

«እንግዲያው እንስማማለን።»

ከዚያ ድሮ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት የሆነውን አጫወቱኝ። አንድ ጎበዝ ልጅ ያንኑ መልዕክት አይቶ አዲሱን ጂሊብሲ አውርዶ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ የሲስተሙን ሊንክ ወደ አዲሱ አዞረው። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ኤልኤስ አይሠራም። ሲፒ አይሠራም። ሊንኩን ለመመለስ የሚያስፈልገው ትዕዛዝ ራሱ አይሠራም፤ ሁሉም የቆሙት በዚያው ምሰሶ ላይ ነዋ። ላይብረሪውና ሎደሩ፣ ማለትም ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚያገናኘው ክፍል፣ ከአንድ ቨርዥን መሆን አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አይተዋወቁም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

«እኔ የሮጥኩት አንድ ነገር እየጮህኩ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ተርሚናሉን እንዳትዘጋው!»

ልክ ናቸው። የተከፈተው ተርሚናል አሮጌውን ላይብረሪ አስቀድሞ ሚሞሪ ውስጥ ይዞታል። ከዚያ ተነስቶ «ለዚህች ትዕዛዝ ብቻ አሮጌውን ላይብረሪ አስቀድመህ ጫንላት» ማለት ይቻላል፤ ኤልዲ ፕሪሎድ የሚባለው ነገር ለዚህ ይሆናል። ወይም ደግሞ ኤስኤልኤን የምትባል፣ ማንንም ሳትደገፍ ብቻዋን የምትቆም ትንሽ ትዕዛዝ ካለች ሊንኩን ትመልሳለች። ተርሚናሉ ከተዘጋ ግን ሌላ ዲስክ ይዞ ከማስነሳት ውጭ ብዙ ምርጫ የለም። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

እኛ የሄድንበት መንገድ ሌላ ነው። አዲሱን ላይብረሪ ሲስተሙ በማያየው የራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥነው፤ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ። ላይብረሪውን ይዤ የሄድኩት ከአልማሊነክስ 8 ነው። የያዘው ቁጥር ልክ 2.28 ነው፤ የደህንነት ጥገናውም እስከ 2029 ይቀጥላል። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ስለሌለው ሁሉም በፍላሽ ነው የገባው፤ ሎደሩ፣ ዋናው ላይብረሪ፣ የሒሳቡ፣ የስም ፍለጋው ክፍሎች፣ ሁሉም ከአንድ ቨርዥን። የስም ፍለጋዎቹን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል፤ እነሱ ከሌሉ ፕሮግራሙ ይነሳና «ዳታቤዙን የት ነው የማገኘው?» ብሎ ይቆማል።

ቀጥሎ ፓችኤልፍ በሚባል መሣሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ ያሉ ሁለት አድራሻዎችን ቀየርን፦ የሚጠቀመውን ሎደርና ላይብረሪ የሚፈልግበትን ፎልደር። ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚባለውን የአካባቢ ቫሪያብል ያልተጠቀምነው ለዚህ ነው፦ እሱ ወደ ልጆቹም ይወርሳል። ፕሮግራሙ ከውስጡ ሌላ የሲስተም ትዕዛዝ ቢጠራ፣ ያ ትዕዛዝ በአሮጌ ሎደር አዲስ ላይብረሪ ሊጭን ይሞክርና ይወድቃል። አድራሻው ፕሮግራሙ ላይ ሲጻፍ ግን ጉዳዩ የሱና የሱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ከመንካታችን በፊት ላፕቶፔ ላይ ባለ ቨርችዋል ማሽን፣ በዚያው ሴንትኦኤስ 7፣ ሞክረነዋል።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ታዲያ ዋናውን ቤት ሳትነካ ሰርቪስ ቤት ሠራህለት በለኛ» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም የትምህርት ማስታወሻ ላይ አላገኘሁም።

ኮንቴይነር ለምን አልተጠቀማችሁም የሚል አይጠፋም። ዶከር ያው ሰርቪስ ቤት ነው፤ ላይብረሪውን ከነጓዙ ይዞ ይመጣል፣ ከርነሉን ብቻ ይጋራል። የሚቻል ከሆነ እሱ ይሻላል። ግን እሱም ከርነሉ ሲያረጅ፣ ዶከሩ ራሱ ሲያረጅ፣ የራሱ ግድግዳ አለው፤ 2.34 እና ከዚያ በላይ የያዙ ኮንቴይነሮች አሮጌ ዶከር ላይ አዲስ የከርነል ጥሪ ሞክረው ሲከለከሉ የሚወድቁበት ጊዜ ነበር። ደግሞም እዚያ ሰርቨር ላይ ዶከር አልነበረም፤ አዲስ ነገር በጨመርን ቁጥር ጋሼ ብቻቸውን የሚጠብቁት ነገር ይጨምራል። እኔ በማግስቱ እሄዳለሁ። እሳቸው ናቸው የሚቀሩት።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ፕሮግራሙ ተነሳ። የመጀመሪያው ውጤት ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ተረኛዋ ልጅ መሣሪያው ያወጣውን ወረቀት ከስክሪኑ ጎን አስጠግታ አንድ በአንድ አነጻጸረች። አልቸኮለችም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ታካሚዎች እንዲሁ አየቻቸው። «ይሁን» አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ያቺ አንዲት ፈንክሽን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ክፋት የለበትም፤ አቅራቢው ውስጥ ያለው ዴቨሎፐር እንደኔው ዕድሜ ያለው ልጅ ሊሆን ይችላል። አዲስ ላፕቶፕ አለው፣ አዲስ ኡቡንቱ አለው፣ ኮምፓይል አደረገ፣ ሠራለት፣ ላከው። ማኅተሙ መመታቱን እንኳ አያይም። ያልታየው ውሳኔ ግን ውሳኔ ነው፤ ማን መጠቀም እንደሚችልና ማን እንደማይችል የተወሰነው እዚያ ጋ ነው።

በትላልቆቹም ዘንድ ያው ነው። ኖድ 18 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ዋናው ቅጂው 2.28 መጠየቅ ጀመረ። 2.27 የያዘው ኡቡንቱ 18.04፣ ያኔ ገና ጥገና እየተደረገለት፣ በአንድ ቁጥር ውጭ ቀረ። በ2024 መጀመሪያ ቪኤስ ኮድ 1.86 ሲወጣ ደግሞ ከርቀት የሚገናኝበት ክፍል ያንኑ 2.28 ጠየቀ፤ በማግስቱ ወደ ሥራ ሰርቨራቸው መግባት ያቃታቸው ሰዎች ጮኹ። ጩኸቱ ተሰማና በቀጣዩ ማስተካከያ ጊዜያዊ ፋታ ተሰጠ፤ «ይህ ሲስተም ከእንግዲህ አይደገፍም» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር። እነሱን መውቀስ ቀላል ነው። አሮጌውን መሸከም ገንዘብና ጉልበት ይጠይቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ማቆም አለባቸው። ልዩነቱ እነሱ ቁጥሩን አስበው መምረጣቸውና ማስታወቃቸው ነው።

በጣም የምወደው ምሳሌ የፓይተን ሰዎች ናቸው። ማኒሊነክስ የሚባል ስምምነት አላቸው፤ ስሙን ሳትሰሙ ተጠቅማችሁበታል። በ2014ቱ ማኒሊነክስ መሠረት ፓኬጅ የሚያዘጋጅ ሰው የራሱ ላፕቶፕ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ 2.17 ባለው አሮጌ ሲስተም ኮንቴይነር ውስጥ ኮምፓይል ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ባለ ማንኛውም ማሽን ላይ ይሮጣል። በአንድ ትዕዛዝ ነምፓይን ስትጭኑ ያለ ችግር የሚሠራው ከኋላው እንዲህ ያለ ተራ ጨዋነት ስላለ ነው። ጎ የሚጠቀሙ ሰዎች ሲጎን አጥፍተው ማንንም የማይደገፍ ፕሮግራም ማውጣት ይችላሉ። ዚግ ደግሞ «ለ2.17 ሥራልኝ» ብትሉት ይሠራላችኋል። መሣሪያው ሞልቷል፤ ማስታወስ ነው የጎደለው።

ይኼ የሰርቨር ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካለ፣ የእናቴን ስልክ ላሳያችሁ። አንድ የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያ ልጭንላት ስል «ከዚህ መሣሪያ ጋር አይስማማም» አለኝ። ስልኩ ይደውላል፣ ይቀበላል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ለእሷ ምንም አልጎደለውም። አንድ ሰው አንድ ፋይል ውስጥ ዝቅተኛውን የአንድሮይድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ጻፈ፤ እናቴ ብር ለመላክ ታክሲ ተሳፍራ ባንክ መሄድ ቀጠለች። እሷ ደግሞ ጥፋቱን ራሷ ላይ አደረገች፤ «እኔ መቼ ስልክ አውቄ» ብላ። ይኼ ነው የሚያመኝ። ጋሼም እኮ መጀመሪያ ሲያገኙኝ «ማሽናችን አሮጌ ነው፣ አፍረናል» ነበር ያሉኝ።

አሮጌ ነገር ይቅደስ እያልኩ አይደለም። ሴንትኦኤስ 7 ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጨረሻ ጥገናውን ካገኘ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ማንም አይደፍንለትም። ያንን ሰርቨር ከኢንተርኔት የለየው የጋሼ ብልሃት ነው፤ እሱም ለዘላለም አያዋጣም። የሠራሁት ሰርቪስ ቤትም ራሱን አያድስም፤ የላይብረሪው ጥገና ሲወጣ አንድ ሰው በፍላሽ ይዞ መሄድ አለበት። ስለዚህ ምን እንዳደረግን፣ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ፣ እንዴት እንደሚፈርስ በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፈን የሰርቨሩ ካቢኔ በር ላይ ከውስጥ ለጠፍነው። ከሐምሌው በጀት ላይ አዲስ ሰርቨር እንዲጠየቅም ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። ጊዜ ገዛን እንጂ ችግሩን አልፈታነውም፤ ይህን ለጋሼም ለአለቆቻቸውም በግልጽ ነግሬያለሁ።

መሥሪያ ቤት ስመለስ ለቡድናችን አንድ ነገር አቀረብኩ፦ ወደ ደንበኛ የሚሄድ ማንኛውም ፕሮግራም ከላፕቶፕ ላይ በቀጥታ አይወጣም። ደንበኞቻችን ካላቸው ማሽን ሁሉ አሮጌውን በሚመስል ኮንቴይነር ውስጥ ይሠራል። ከመላኩ በፊት ደግሞ አንድ ሰው በኦብጅዳምፕ ከፍተኛውን ቁጥር ያይና የመላኪያ ቅጹ ላይ ይጽፈዋል። አንዱ ባልደረባዬ «ለስንት ሰው ብለን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የደንበኞቻችንን ዝርዝር አውጥተን ቆጠርን፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

እናንተም ዛሬ የራሳችሁን ፕሮግራም እዩት። የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። የሚወጣው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ምናልባት ምንም ችግር የለውም፤ ተጠቃሚዎቻችሁ ሁሉ አዲስ ማሽን ይኖራቸው ይሆናል። ግን ቁጥሩን እወቁት፤ ማንን ደጅ እንዳስቀረ እወቁ። የኛን ባለፈው ሳምንት አየሁት። 2.17 ይላል።